በእማ ስም ልጠራው የነበረው እንጉዳይ

ሰኔ 24፣ ደሴ

የክረምት ተማሪነቴ እንደገና ጀመረ። ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጆች ሳስተምር ከርሜ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እኔው ደብተር ታቅፌ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ማስትሬቴ ዘንድሮ ካላለቀ ሰው ፊት አልቆምም ብያለሁ። አማካሪዬ ዶክተር ሞላ ዛሬ ርዕሴን አጸደቀልኝ፤ በኮምቦልቻ ዙሪያ በምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅለው እንጉዳይ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ መለየት። ርዕሱ የእኔ ይመስላል እንጂ የእማ ነው። ልጅ ሆኜ ዝናብ ባደረ ቁጥር ስትለቅም ያየሁትን ነው በሳይንስ ስም የማጠናው።

ናሙና ለቃሚዬም እሷው ናት። ከቢስቲማ መጥታ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ከገባች ጀምሮ አንድም ክረምት አላመለጣትም። የጡረታ ሰው ሆና እንኳ በማለዳ ከቤት ትወጣለች። ሀናን እናቷን ናሙና ሰብሳቢ አድርጋ ቀጠረች ብለው የክፍል ጓደኞቼ ሲቀልዱብኝ ዋሉ።

ሰኔ 29፣ ኮምቦልቻ

ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ስነቃ እማ የለችም። ፊቴን ሳልታጠብ ዘምቢሏን ሞልታ ተመለሰች።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» አልኳት።

«አንቺ መንገድ ላይ ታወሪያለሽ። እንጉዳይ ወሬ አይወድም።»

ከየት እንደለቀመችው ጠየቅኳት። «ከኩይሳው ነዋ፣ ከየት ልለቅም ኖሯል?» አለች። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ።

የሁሉም ሥር ተቆርጧል። የኩይሳ እንጉዳይ እግሩ እንደ ጅራት ረዝሞ እስከ ምስጦቹ ጎጆ ድረስ ይገባል። እማ ግን ነቅላ አታውቅም፣ በቢላ ትቆርጣለች፤ ጅራቱ ለምስጦቹ ነው። ከእናቷ የወረሰችው ወግ ነው። ሥሩን የነቀለ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ባዶ ኩይሳ ያገኛል ትላለች።

ለእትዬ ሸዋረጋ እንውሰድላት ወይ ስላት ገና ነው አለችኝ፤ ለእሷ ፍልሰታ ሲገባ ነው። ሁለቱ ፋብሪካ ውስጥ በአንድ ፈረቃ ሠርተው፣ በአንድ አጥር ተጎራብተው ነው ያረጁት። እማ ለፍልሰታ እንጉዳይ ትወስድላታለች፣ እትዬ ሸዋረጋ ደግሞ ረመዳን ሲገባ ለሾርባ የሚሆን ስንዴ ከክታ ታመጣላታለች። እኔ ከመወለዴ በፊት የተጀመረ ነገር ነው።

የምሳው ወጥ ጨው በዝቶበት ነበር። ሁለቴ ሳትጨምርበት አልቀረችም። ዕድሜ ምላስን ያደነዝዛል።

ሐምሌ 3፣ ደሴ

ቤተ ሙከራው ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ትናንት ቆቦቹን ከእግራቸው ለይቼ፣ ከሥራቸው ያሉትን ስስ ሽንሽኖች ወደ ታች አድርጌ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩና ብርጭቆ ደፋሁባቸው። ሲያድር ዘሩ፣ ስፖር የሚባለው፣ እንደ ዱቄት ይረግፍና ወረቀቱ ላይ ቀለሙን ይተዋል። እንጉዳይ ከውጭ ብዙ ያታልላል፣ በዱቄቱ ቀለም ግን አይዋሽም።

የኩይሳው ዱቄት ክሬም ሆኖ ትንሽ ወደ ሮዝ ማድላት አለበት። አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው።

የተወሰኑት አረንጓዴ ናቸው።

ወረቀቱ ቆሽሾ ይሆናል።

ሐምሌ 4

ደገምኩት። አረንጓዴ።

ሐምሌ 7

ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። የኩይሳው እንጉዳይ የዝርያ ምድቡ ቴርሚቶማይሲስ ነው። አረንጓዴ ስፖር ያለው ደግሞ ክሎሮፊለም የሚባለው ነው፤ ሳር ላይ ይበቅላል፣ ሆድ ያገለባብጣል፣ ያስመልሳል። ሁለቱም ሽንሽን ካላቸው እንጉዳዮች ወገን ሆነው ቤተሰባቸው ግን ለየቅል ነው። ክሎሮፊለም ለጋ ሳለ ሽንሽኑ ነጭ ነው፤ አረንጓዴው የሚመጣው ሲጎለምስ ነው። ስለዚህ ለጋውን በዓይን ብቻ አይቶ መለየት ያስቸግራል።

የእኔዎቹ አረንጓዴዎች እግራቸው ላይ ቀለበት አላቸው። ግን ቀለበት ያላቸው የኩይሳ እንጉዳዮችም አሉ። እማ ደግሞ ከኩይሳው ነው የለቀምኩት ብላለች። እማ በእንጉዳይ አትሳሳትም። ስለዚህ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ በኩይሳ ላይ የሚበቅል፣ አረንጓዴ ስፖር ያለው፣ እስከ ዛሬ ማንም ያልመዘገበው ዝርያ።

አዲስ ዝርያ ያገኘ ሰው ስም የማውጣት መብት አለው። እኔ ከይሪያ ብዬ ነው የማወጣው፣ በእማ ስም። በላቲን አጻጻፉ መጨረሻው ትንሽ ይጣመማል እንጂ ስሟ ይታወቃል። ፊርማዋን በጣት አሻራ የምትፈርም ሴት ስሟ በዓለም መዝገብ ይሰፍራል። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ። ሞኝ ነኝ።

ሐምሌ 9

ዶክተር ሞላ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ።

«የእንጉዳዮቹ ሥርስ?»

«ይቆረጣል።»

«ማነው የሚቆርጠው?»

«እናቴ።»

«እናትሽ የምትለቅመው ናሙና ነው ወጥ?»

ስቄ አለፍኩት። እሱ ግን አልሳቀም። ከአንድ ኩይሳ ሁለቱም ቀለም ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው አለ፤ ከነሥሩ ካላየሁ ግን ቃል አይወጣኝም። አንቺስ ኩይሳውን አይተሽዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይቼዋለሁ አልኩት። ያየሁት ልጅ ሆኜ መሆኑን አልነገርኩትም።

ሐምሌ 13፣ ኮምቦልቻ

ትናንት ማታ ሥሩን እንዳትቆርጪ ብዬ ለመንኳት።

«ሀቂቃ፣ እውነቴን ነው፣ የማይሆን ነገር ነው የምትይኝ» አለች። «አንቺ ዶክተር ትሆኛለሽ፣ ምስጦቹ ባዶ ቤት ይቀራሉ። ይኼ ነው ፍርዱ?»

ነገ አብሬሽ ልሂድ ስላት ደግሞ ወገቤን አሞኛል አለች። ሲነጋ ግን ብቻዋን ወጥታ፣ ለቅማ፣ ቆርጣ መጣች። ከየት ነው አልኩ። ከኩይሳው አለች። ጻፍኩ።

የቀትር ሶላቷን፣ ዙህርን፣ ሁለቴ ሰገደች። አሁን ሰግደሻል እኮ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ብዙ መስገድ ምን ይጎዳል።

ሐምሌ 16

ሀይደር ደውሎ ደሴ ፒያሳ ሱቁ ድረስ አስጠራኝ። ወንድሜ ሲያስጠራ ደግ ነገር የለውም። ሻይ አዘዘልኝና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ትናንት እማ መጥታ ነበር። እዚህ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ እኔኑ የሀይደር ሱቅ የት ነው ብላ ጠየቀችኝ።»

«ፀሐይ አጥብርቷት ይሆናል።»

«በሐምሌ?»

የዚህ ሰፈር ሱቅ ሁሉ ይመሳሰላል፣ ቀለሙንም ሰሞኑን ነው የቀየርከው አልኩት። ደሴ ላምጣት፣ እኔ ዘንድ ትሁን፣ ሐኪምም ይያት አለ። እዚህ ብርዱ ይገድላታል፣ ከጓሮዋና ከእትዬ ሸዋረጋ ለይተን ምን ሊተርፋት ነው አልኩ። ያልኩት እውነት ነው። እሱ ግን ትክ ብሎ አየኝና «ለእሷ ብለሽ ነው ለማስትሬትሽ?» አለኝ።

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በባጃጅ ስሄድ የምመልስለት ብዙ ነገር መጣልኝ።

ሐምሌ 21

የዶክተር ሞላ ቢሮ በር ክፍት ነበር። ላንኳኳ ስል ለባልደረባው ሲያወራ ሰማሁት። «ወይ ተአምር አግኝታለች፣ ወይ ለቃሚዋ ተምታቶባታል።»

ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ያላየውን ሰው እንዴት ተምታቶበታል ይላል? እማን አያውቃትም። ገብቼ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ደሞ ምን ብዬ?

ሐምሌ 22

አዲሶቹን ደፋኋቸው። አረንጓዴው በዛ። ክሬሙ አነሰ።

ሐምሌ 28፣ ኮምቦልቻ

ፍልሰታ ሊገባ ነው። ዛሬ እንጉዳዩን እንደተጠራጠርኩት ለእማ ልነግራት ነበር የመጣሁት።

ገና «እማ፣ ዘንድሮ ለእትዬ ሸዋረጋ ከመስጠትሽ በፊት እኔ ልየው» ከማለቴ፣ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች።

«ምኑን ነው የምታዪው?»

«እንዲያው ለጥናቱ።»

«ሸዋረጋ ከእጄ በልታ አንድ ቀን ሆዴን ብላ ታውቃለች? አንቺን ጡት ያስጣልኩሽ በዚሁ እንጉዳይ መረቅ ነው። ዛሬ ተምረሽ መጥተሽ የእጄን ልትፈትሺብኝ?»

ዓይኗ ውኃ ሞላ። እማን ሲከፋት ማየት አልችልም፤ በልጅነቴም አልችልም ነበር። «አፉ በይኝ፣ እንዲያው ነው» አልኳት። «አብሽሪ» አለችና ራሴን ዳበሰችኝ። ከዚያ «አባትሽ ምሳውን በላ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በልቷል አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? አባቴ ከሞተ ስንት ክረምት አለፈ።

ለእትዬ ሸዋረጋ በአጥሩ በኩል ሹክ ልላት እችል ነበር። ግን ምን ብዬ ነው የምነግራት? እማ የምታመጣልሽን አትብዪ? የሁለቱን ነገር በአንድ ቃል ላፈርሰው? የምሽቱ ሚኒባስ ሊሞላ ነው ሲባል እሱን ምክንያት አድርጌ ወጣሁ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። እደውላለሁ ብዬ አልደወልኩም። ፈተና አለብኝ።

ነሐሴ 2

ዛሬም አልደወልኩም።

ነሐሴ 3

ሀይደር ደወለ። እትዬ ሸዋረጋ ሌሊቱን ስታስመልስ አድራ ጤና ጣቢያ ገብታለች። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቁልቁለቱ ላይ ጉም ስለወረደ መኪናው ይጎተታል። ያረቢ አትርፋት። ያረቢ። እማስ በልታ ይሆን? ስልኳን አታነሳም።

ነሐሴ 4፣ ኮምቦልቻ

ተርፋለች። እማም አልበላችም፤ ለጾመኛ የመጣ ነው ብላ አልቀመሰችውም።

እትዬ ሸዋረጋ ግሉኮስ ተሰክቶላት፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ተኝታ ነበር። ስታየኝ ልትነሳ ሞከረች። እንዳይነሱ ብዬ ትከሻዋን ያዝኩ።

«ውኃው ነው» አለችኝ ገና ሳልጠይቃት። «የክረምት ውኃ እንደምታውቂው ነው።»

«እትዬ፣ ውኃው አይደለም። እንጉዳዩ ነው። እኔ አውቅ ነበር።»

ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ዓይኗን ጨፈነች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ በተቆጣችኝ ደስ ባለኝ።

«እኔም አውቅ ነበር» አለች። «አምና ያመጣችልኝ ጠረኑ አላማረኝም። ቀቅዬ ደፋሁት። ጣፈጠሽ ወይ ስትለኝ ጣፈጠኝ አልኳት።»

«ታዲያ ዘንድሮ ለምን በሉት?»

«አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየችኝ ነበራ።»



እጄን ያዘች። «ልጄ፣ እናትሽ ቀኑም ሰዉም እየጠፋባት ነው። ከአምና ወዲህ ነው። ለአንቺ ልነግርሽ ስንት ጊዜ አጥሩ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ብቻ እኔ መታመሜን እንዳትነግሪያት። በእሷ እጅ መሆኑን ካወቀች ከዚያ በኋላ ሰው አትሆንም።»

«ምን ልበላት?»

«ጉንፋን ነው በያት።»

እማ ከመምሸቱ በፊት ልትጠይቃት መጣች። አሚን አሚን እያለች ዱዓ አደረገችላት፣ እግሯን አሸችላት። ከዚያ «ሲሻልሽ እንጉዳይ አመጣልሻለሁ» አለቻት። እትዬ ሸዋረጋ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ሳነብ ቆየሁ።

አውቅ ነበር። መጽሐፉ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር፣ ወረቀቱ ከፊቴ ነበር፣ ሀይደር ነግሮኝ ነበር። እማ ተሳሳተች ከምል አዲስ ዝርያ ተገኘ ማለት ቀለለኝ። ሰው የእናቱን መርሳት ላለማየት አዲስ ፍጥረት ይፈጥራል? እኔ ፈጠርኩ። ለሌላ ሰውም ሞት ሊሆን ነበር።

ነሐሴ 6

ዛሬ ማለዳ ስትወጣ ተከተልኳት። ስታየኝ አልተቆጣችም። «መጣሽ?» ብላ ዘምቢሉን አስያዘችኝ።

መንገዱን አልሳተችም። በወንዙ ዳር ሄዳ፣ ከድልድዩ ታጥፋ፣ ልጅ ሆኜ የማውቀው ቦታ አደረሰችኝ። ኩይሳው የለም። ለመጋዘን ግንባታ ቦታውን ዶዘር አስተካክሎት፣ ከአጥሩ ውጭ የቀረው መሬት ሳር ለብሷል። እንጉዳዮቹ ሳሩ ላይ ክብ ሠርተው ቆመዋል። እማ በርከክ አለችና ቢላዋን አውጥታ መቁረጥ ጀመረች። እንደ ጥንቱ ከታች፣ ቀስ ብላ፣ ሥሩን ለምስጦቹ ትታ።

አንዱን ነቀልኩ። ጅራት የለውም። እግሩ እዚያው አፈሩ ላይ ያልቃል። በዕድሜ የገፋውን ገልብጬ አየሁ፤ ሽንሽኑ አረንጓዴ ነው።

«እማ፣ ኩይሳው የታለ?»

«ይኸው» አለችና እጇን ወደ ሜዳው ዘረጋች። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ሳሩን አየች፣ አጥሩን አየች። ከዚያ ተመልሳ መቁረጧን ቀጠለች።

ክሬሞቹ ከየት እንደመጡ እስካሁን አላውቅም። አንዳንድ ቀን እግሯ ወደ ሌላ ኩይሳ ይወስዳት ይሆናል። እሷም የምታውቀው አይመስለኝም።

አላልኳትም። መሳሳቷን ዛሬም አልነገርኳትም። ቤት ስንደርስ ዘምቢሉን ተቀብዬ ለናሙና ነው ብዬ ወሰድኩት።

ነሐሴ 8፣ ደሴ

ለዶክተር ሞላ ሁሉንም ነገርኩት፤ ኩይሳውን ልጅ ሆኜ ካየሁት ወዲህ እንዳላየሁት፣ ቦታውን በእናቴ ቃል ብቻ እንደጻፍኩ፣ እናቴ እንደታመመች። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «የእኔም አባት እንደዚያ ነበሩ፤ በመጨረሻ እኔን ልጃቸውን ተማሪዬ እያሉ ይጠሩኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከየት እንደተለቀመ ያላየሁትን ናሙና ሁሉ እንዳወጣ፣ በዓይኔ ካየሁት ኩይሳ ከነሥሩ አዲስ እንድሰበስብ አዘዘኝ። ማስትሬቱ ዘንድሮ አያልቅም።

አረንጓዴዎቹን ለይቼ ክሎሮፊለም ብዬ ጻፍኩባቸው። የታወቀ እንጉዳይ ነው፣ ስም አለው፣ በብዙ አገር ሰው አስመልሷል። የእማ ስም አያስፈልገውም።

ነሐሴ 10

ከሀይደር ጋር ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሟ ዛሬ ቀኑ ማነው አለቻት። እማ «ቀን ለማስታወስ ነው የመጣሁት?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። መልሱን ግን አላገኘችውም። ሀይደር ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ አለቀሰ። እኔ ነበርኩ አጽናኙ፤ እውነቱን ለማየት ግን ከእሱ የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ደሴ እንውሰዳት፣ ኮምቦልቻ እንተዋት የሚለውን ለጊዜው አቆየነው። እኔ ትምህርት ቤት እስኪከፈት እሷ ዘንድ እሆናለሁ። ብቻዋን መልቀሟ ግን መቅረት አለበት። ማን ይንገራት ስንባባል ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ነሐሴ 12፣ ኮምቦልቻ

እትዬ ሸዋረጋ ድና አጥሩ ላይ ቆማ ጠራችን። «ከይሪያ፣ እኔንም ይዘሽኝ ሂጂ። ተቀምጦ መብላት ሰለቸኝ» አለቻት። እማ «አንቺ? ጉልበትሽን ይዘሽ?» ብላ ሳቀችባት፤ ደስ ብሏታል። እትዬ ሸዋረጋ ወደ እኔ ዞራ በዝግታ «የምትለቅመውን አንቺ ነሽ የምታዪው። እኔ አልነግራትም፣ አልችልም» አለችኝ።

ነሐሴ 14

ሦስታችን ሄድን። ከወንዙ ማዶ፣ ገበሬዎች የነገሩኝ ኩይሳ ድረስ። ዘምቢሉን እኔ ይዣለሁ፣ ሁለቱ ተደጋግፈው ስለ ድሮ የፈረቃ አለቃቸው እያሙ ከፊቴ ይሄዳሉ። የሰውየውን ስም እማ ናት ያስታወሰችው።

ኩይሳው ላይ አንዱን በጣቴ ዙሪያውን ቆፍሬ ነቀልኩ። ጅራቱ ረዝሞ ወጣ። እማ ቅር ቢላትም ዝም አለች። የቀሩትን እንደ ወጓ ቆረጠች፣ እትዬ ሸዋረጋ ተቀበለቻት፣ ዘምቢሉ ውስጥ ገቡ። ሁሉም ደህና ነበሩ። እንዲህ ሆኖ ቢያልቅ ምን ነበረበት።

ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ሳር ላይ አንድ የሚያምር ነጭ አየች። ለጋ፣ ቆቡ ያልተከፈተ። ፈጥና ጎንበስ ብላ ቆረጠችውና አፈሩን በቀሚሷ ጠርጋ ለእትዬ ሸዋረጋ ዘረጋችላት።

«እንቺ፣ ይኼ ለጾምሽ ነው። የኩይሳ ነው።»

እትዬ ሸዋረጋ እጇን ልትዘረጋ ጀመረች። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው። ትቀበለዋለች፤ ዝም ካልኩ ቤቷም ወስዳ ትቀቅለዋለች። አወቅሁት።

«አይደለም፣ እማ» አልኩ። «ይኼ የኩይሳ አይደለም። ይኼ ያማል።»

እማ እንጉዳዩን አገላብጣ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ብዙ አየችኝ። ትከፋለች፣ ትሰድበኛለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ቆምኩ። እንጉዳዩን ከወሰደችበት ሳር ላይ ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እሺ» አለችኝ።

እማ በሕይወቷ ሙሉ ለእኔ እሺ ብላኝ አታውቅም።